ቅጠሉ ይመስክር ወይስ ሻጩ?

ለመሆኑ አንድ ምግብ ማደሩን ወይም መበላሸቱን የመናገር ግዴታ ያለበት ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ እኛ በሞያሌ የምንኖር ስደተኞች የምንገበየው ሻጭና ገዢ በማይተዋወቁበት ገበያ ስለሆነ፣ ነገሩ የልጆቻችን ጤንነት ጉዳይ ነው።

አባቶቻችን ምስክሩን ቅጠል አድርገውት ነበር። ቅቤ በኮባ ይጠቀለላል። ከሜሩ የሚመጣው፣ ኬንያውያን ሚራ የሚሉት ጫትም እስከ ዛሬ በሙዝ ቅጠል ታስሮ ይጓዛል። ቅጠል ከያዘው ነገር ጋር አብሮ ይጠወልጋል፤ ዕድሜውን አይደብቅም። ፌስታል ግን አያረጅም፤ የዛሬውንም የሳምንቱንም እኩል አሳምሮ ያሳያል፤ ከተጣለም በኋላ በእሾህ አጥር ላይ ሲውለበለብ ይከርማል። ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ከለከለችው፤ ቅጣቱም እስከ 4 ሚሊዮን ሺሊንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይደርሳል። አገራችንም የሚከለክል አዋጅ ያወጣችው በ2017 ነው፤ ነገር ግን በራሷ አቆጣጠር ስለሆነ በመካከሉ 8 ዓመት ያህል አልፏል።

ያም ሆኖ ቅጠልን አናምልከው። ያደረ ቅቤ በዛሬ ኮባ ቢጠቀለል ቅጠሉ በሐሰት ይመሰክራል። የዘመኑ ተመራማሪዎች ከስታርች ወይም ከባሕር እንስሳት ቅርፊት ስስ መጠቅለያ እየሠሩ የቀይ ጎመን ወይም የከርከዴ ቀለም ይጨምሩበታል። ዓሣ ሲበላሽ የሚወጣው አሞኒያ፣ ወተት ሲኮመጥጥ የሚፈጠረው አሲድ ቀለሙን ይለውጠዋል። ነገሩ ተማሪ የሚሞክረው ነው፤ በከርከዴ ውሃ ላይ የሳሙና ውሃ ብንጨምር ቅላቱ ይጠፋል። መጠቅለያውም ሥራውን ሲጨርስ አፈር ይበላዋል።

እንግዲህ ዕቃው ከመሰከረ ሰው ከመናገር ነፃ ይወጣልን? አይመስለንም። ቀለም የሚያውቀው አሲድን እንጂ የሚበላና የማይበላውን አይደለም። ቦረናዎች በጭስ በታጠነ ጎርፋ ውስጥ ሆን ብለው የሚያኮመጥጡት ኢቲቱ በዚህ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ጥፋተኛ በተባለ ነበር። ወተቱ መቼ እንደ ታለበ፣ ጀሪካኑ እንዴት እንደ ታጠበ የምታውቀው ሻጯ ብቻ ናት።

ግን እውነቱን ብትናገር ምን ይገጥማታል? ወተቷን ደፍታ፣ የዕለት ጉርሷን አጥታ ትመለሳለች። «የትናንት ነው» ያለችንን ሴት ጥለን ዝም ወዳለችው ከሄድን፣ ውሸትን በገንዘባችን የገዛን እኛ ነን። እርሷ የመናገር ዕዳ እንዳለባት ሁሉ እኛም ለተናገረችው እውነት የመክፈል ዕዳ አለብን። የጠዋቱ ወተት ተፈልቶ ለሕፃናት ይለይ፤ በንጹሕ ዕቃ ያደረው በግማሽ ዋጋ ለእርጎ ይሂድ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነም ከመቅዳቷ በፊት ራሷ ትንገረን።