ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን ስላኖረው ጌታ

ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ በቦረናም በሣይንትም በንግድ የምትተዳደሩ ወንድሞች፣ እናንተም ቤትና ልጆችን የምታስተዳድሩ እኅቶች ሆይ! በሱረቱ ራሕማን ጌታችን ፀሐይና ጨረቃ በተወሰነ ሒሳብ የሚጓዙ መሆናቸውን ይነግረናል፤ ሰማይንም ከፍ ማድረጉን ያወሳል፤ ወዲያው ሚዛንን ማኖሩን አስከትሎ ስንመዝን እንዳናጎድል ያዘናል። ሰማይ የት፣ የገብስና የጤፍ ሚዛን የት? ብዙ ሰው ይህን ቦታ ሲያነብብ ሳያስተውለው ያልፋል። ከተፍሲር ሊቃውንት ብዙዎቹ ሚዛን የተባለው ፍትሕ ነው ብለዋል፤ ቃላቸውም የታመነ ነው። እኔ ግን ዛሬ በሱቃችን ውስጥ ስለ ተሰቀለው ሚዛን ጭምር ልናገር እወዳለሁ።

ነጋዴ ሆይ፤ ገብሱን በሳሕኑ ላይ ስታፈስስ ሳሕኑ ስለምን ወደ ታች ይወርዳል? መሬት ስለምትስበው ነው። ከደጋችን የሚነሣው ውሃ ሁሉ ቁልቁል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ የሚወርደው በዚሁ ስበት ነው። ስበት ባይኖር ኖሮ ኪሎም ፈረሱላም ስማቸው ባልተሰማ ነበር። ከእስላም ሊቃውንት አንዱ ዐብዱረሕማን አል-ኻዚኒ በ515 ዓመተ ሂጅራ «የጥበብ ሚዛን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ፣ ንጹሑን ወርቅ ከተደባለቀው የሚለይ ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ አስረድቷል። የአንድ ነገር ክብደት ከመሬት መካከል ባለው ርቀት የሚለዋወጥ መሆኑንም ጽፏል፤ ስሌቱ ከዛሬው ባይስማማም ጥያቄውን አስቀድሞ ማንሣቱ ያስመሰግነዋል። የእንግሊዙ ሊቅ ኒውተን ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሳሕኑን ወደ ታች የሚስበውና ጨረቃን በመንገድዋ የሚይዛት ኃይል አንድ መሆኑን በሒሳብ አሳየ።

ይህን በዐይናችን ማየት ይቻለናልን? አዎን፣ ይቻላል። በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ነገር ግን ለምነግራችሁ ነገር እነርሱ አያስፈልጉም። አንድ ሰው በክንዱ ተሸክሞት የሚወጣ፣ በሦስት እግር የሚቆም ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የደጋው ሰማይ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ በሌሊት ሰማይ ከሚያበሩት ታላላቆች አንዱ ወደ ሆነው ወደ ጁፒተር አቅኑት። ዐረቦች ይህን ኮከብ ሙሽተሪ ይሉታል፤ በገበያ ቋንቋ ሸማች ማለት ነው። በሸማቹ ግራና ቀኝ አራት ደቃቅ ብርሃኖች ተሰልፈው ታያላችሁ። ኢጣሊያዊው ጋሊልዮ በ1610 በመነጽሩ ያያቸው እነዚህኑ ነው። ሰዓቱንና ሥፍራቸውን እንደ ዱቤ መዝገብ በደብተር ጻፉ፤ በማግሥቱ ብትመለሱ ሥፍራቸውን ለውጠው ታገኟቸዋላችሁ፤ አንዳንዴም አንዱ ከሸማቹ ኋላ ተሰውሮ ሦስት ብቻ ይታያሉ።

ከአራቱ ለሙሽተሪ የምትቀርበው ጨረቃ ዙርዋን በ42 ሰዓት ተኩል ትፈጽማለች። ከእርሱ ያላት ርቀት 422 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ነው። የእኛዪቱ ጨረቃ ከመሬት 384 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዙርዋን የምትፈጽመው ግን በ27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ነው። እንግዲህ ርቀታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ የእኛዪቱ አንድ ጊዜ እስክትዞር ያችኛዪቱ ዐሥራ አምስት ጊዜ ዞራ ታልፋለች። እንዲህ የሚያስሮጣት የሙሽተሪ ስበት ነው፤ ስበቱም የበረታው በውስጡ የተከማቸው ነገር ስለ በዛ ነው። የርቀቱና የጊዜው ሒሳብ ሲቋጭ ሙሽተሪ ከመሬት 318 ጊዜ ያህል የሚከብድ ሆኖ ይገኛል። ማንም በሳሕን ላይ አላስቀመጠውም፤ ሰዓትና ደብተር የያዘ ሰው ግን ከደጃፉ ቆሞ መዘነው።

ወንድሞቼ ሆይ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ማጭበርበር የሌለበትን አስተውሉ። መሬት የባለጠጋውንም የድኻውንም ገብስ በአንድ ልክ ትስባለች። ጉድለቱ የሚመጣው ከእጅ ነው፤ ሳሕኑን በጣት ከሚጫን፣ የተፋቀ ድንጋይ ከሚያስቀምጥ፣ ለራሱ ሲቀበል ሞልቶ ለሌላው ሲሰጥ ከሚያጎድል እጅ ነው። ነቢዩ ሹዐይብ የተላኩላቸው የመድየን ሰዎች የጠፉት ጣዖት በማምለካቸው ብቻ አይደለም፤ በሚዛናቸውም ጭምር ነበር።

ምናልባት አንዱ በልቡ፣ ባልቴቲቱ አላየችኝም፣ ልጅዋም መቍጠር አያውቅም ይል ይሆናል። እርሱ የሺዕራን ነገር ይስማ። ሺዕራ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ የሚያበራው፣ በሱረቱ ነጅም ጌታችን የእርሱም ጌታ መሆኑን የነገረን ኮከብ ነው። ጀርመናዊው ቤሰል ለብዙ ዓመታት የተለካውን ጉዞውን መርምሮ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ መሆኑን ስላገኘ፣ በ1844 የማይታይ ጓደኛ እየሳበው ነው አለ። ጓደኛውን ግን ማንም አላየውም ነበር። በ1862 በአሜሪካ ክላርክ የተባሉ የመነጽር ሠሪዎች፣ አባትና ልጅ፣ አዲስ መነጽር ሲፈትኑ በሺዕራ ብርሃን አጠገብ ደብዛዛ ነጥብ ታየች። በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የምትዞር፣ በመጠንዋ መሬትን የምታህል፣ በክብደትዋ ግን ከፀሐይ የምትስተካከል ኮከብ ናት። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳትታይ ክብደትዋ በሌላው ጉዞ ላይ ተጽፎ ኖሯል።

በጥር ወር ከዒሻ ሶላት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተመልከቱ፤ ሺዕራ ነጭ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ ይታያችኋል። ጓደኛውን ለማየት ግን ጠንከር ያለ ቴሌስኮፕ፣ የረጋ አየርና ብዙ ትዕግሥት ያሻል፤ ብዙዎች ሞክረው ሳያዩት ይመለሳሉ። ልጆቹ ታዲያ መኖሩ በምን ታወቀ ብለው ቢጠይቋችሁ፣ ሺዕራ ከመንገዱ ዘንበል ማለቱ እንደ ነገረበት አስረዷቸው። አላህም ከሁሉ ይልቅ ዐዋቂ ነው።