የሌሊት እንቅልፍ የማን ነው?

ከሚሴ ያደገ ሰው የሌሊት ጩኸትን የሚያውቀው ከከባድ መኪና ነው፤ የአዲስ አበባና የደሴ አውራ ጎዳና ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል። ሾፌሩ ግን ወርዶ ሻይ ይጠጣል፤ እንቅልፍ ያጣው ሰፈር ገበያ አያጣም። የቦሌ አውሮፕላን እኮ ለማንም ወርዶ ሻይ አይጠጣም!

ፍራንክፈርት ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ ክልክል ነው። ሲነጋ እዚያ የሚያርፈው የኛው አውሮፕላን ታዲያ ከቦሌ የሚነሣው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። የነሱ እንቅልፍ በሕግ ሲጠበቅ የኛ ለምን በትዕግሥት ይታለፋል? «አገር ትጠቀማለች» ይባላል፤ አልክድም። ጥቅሙ የአገር ከሆነ ዕዳውን አንድ ሰፈር ብቻውን ለምን ይከፍላል?

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የተወጠነው አየር ማረፊያም ጩኸቱን ወደ ሌላ ሰው ጣራ ያዛውረዋል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም። የሰዓት ገደቡና የሌሊት ክፍያው ከዚያ አንድም አውሮፕላን ሳይነሣ ይወሰን።