ሳይተያዩ መወዳጀትና ሳይተያዩ መነገድ

ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት መንገድ በየዘመኑ ይለወጣል፤ ሰው ለሰው የሚገባው ግዴታስ ከመንገዱ ጋር አብሮ ይለወጣልን? በዚህ ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው የሊቃውንት መወያያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንት በተውነው ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ ከባላገሩ ደጃፍና ከነጋዴው ሱቅ ደርሶ የዕለት ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባንም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይገኛሉ። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቡሬም ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት የንግድ ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ በቆሎውን፥ ጤፉን፥ በርበሬውንና ማሩን ወደ እነዚህ ከተሞች ገበያ ያወጣል። ይህ ከጥንት የነበረ ነው። አዲሱ ነገር ነጋዴው አሁን ሁለት ገበያ ያለው መሆኑ ነው። አንደኛው በእግሩ የሚቆምበትና ሚዛኑን የሚያቆምበት ገበያ ነው፤ ሁለተኛው በእጁ በያዘው ስልክ ውስጥ ያለው ገበያ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በቴሌግራምና በፌስቡክም የአንድ አገር ልጆች፥ የአንድ ትምህርት ቤት ጓደኞች፥ የአንድ ሙያ ሰዎች ማኅበር ያቆማሉ። ቡሬ ተወልዶ በዋሽንግተን የሚኖረው ሰው ከልጅነት ጎረቤቱ ጋር ማታ ማታ ይጨዋወታል፤ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሰህ ይለዋል፥ ኀዘን ሲደርስበትም ያጽናናዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ አንድ የበርበሬና የማር ነጋዴ አለ እንበል። ሁለት ዓመት ያህል ከሁሉ ጋር ሲጫወት፥ የታመመውን ሲጠይቅ፥ የአገሩን ወሬ ሲያካፍል ኖረ። ከዕለታት አንድ ቀን «ጥሩ በርበሬ አለኝ፤ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ላኩልኝ» አላቸው። ማኅበርተኞቹም ሱቁን ሳያዩ፥ ሚዛኑን ሳይፈትሹ፥ ወንድምነቱን አምነው ላኩለት። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን የላኩት ለማን ነው? ለነጋዴው ነውን፥ ወይስ ለወንድማቸው? ነጋዴውስ ያን ሁሉ ጊዜ በመካከላቸው የተቀመጠው ስለ ፍቅር ነበርን፥ ወይስ ስለዚህች ቀን?

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዐይነት ሰዎች ፈጥነው ይፈርዳሉ። የፊተኞቹ፥ «ማኅበርና ንግድ ሊቀላቀሉ አይገባም፤ ወንድም ሆኖ የገባ ነጋዴ ሆኖ መነሣት የለበትም» ይላሉ። የኋለኞቹ ደግሞ፥ «ያ ዓለም የምናብ ዓለም ነው፤ በምናብ ዓለም እውነተኛ ግዴታ የለም፤ የተታለለ ቢኖር ሳያይ ያመነ ራሱ ነው» ይላሉ። ሁለቱም ፍርድ የሚገባውን ያህል አልተመዘነም።

የፊተኞቹን አስቀድመን እንይ። በፍኖተ ሰላም ከተማ ባለ ሱቁ ከደንበኛው ጋር በአንድ እድር ነው፤ በአንድ እቁብ ይጥላሉ፤ የጽዋ ማኅበሩን በየተራ ይደግሳሉ። ልጁ ሲዳር ደንበኛው ይጠራል፤ ደንበኛው ሲሞት ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቶ ይቀብራል። ንግድና ጉርብትና በአገራችን ተለያይተው አያውቁም። ገዥ ወደ አንዱ ሱቅ የሚሄደው ዋጋው ስለ ቀነሰ ብቻ አይደለም፤ ሰውየውን ስለሚያውቀውም ነው እንጂ። ስለዚህ መቀላቀሉ ራሱ ነቀፋ ቢሆን ኖሮ የአገር ነጋዴ ሁሉ በተነቀፈ ነበር። ነገሩ ያለው በሌላ ስፍራ ነው።

ይኸውም የሚታየው መንደር ለነጋዴው ሳይጠይቀው የሚያደርግለት ነገር መኖሩ ነው። ሚዛኑ በሁሉ ፊት ነው። በርበሬው በእጅ ይነካል፥ ይሸተታል፤ የሸክላ ዱቄት የቀላቀለ ቢኖር ከሰዓት በፊት ወሬው ገበያውን ይዞራል። አባቱ ይታወቃል፤ ዋስ ይጠራል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል። ያጎደለ ሰው ነገ በዚያው መንገድ ያልፋል፥ እሑድም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ይቆማል። እንግዲህ በመንደር ታማኝ ከሆኑት ሁሉ ስንቱ ከልቡ ታማኝ እንደ ሆነ፥ ስንቱም ዐይን ስለ በዛበት ብቻ እንደ ታመነ ማን ይለየዋል? የማይታየው ገበያ የሚለየው ይህን ነው። ዐይኑን ሁሉ አንሥቶ ሰውን ከኅሊናው ጋር ብቻውን ያስቀምጠዋል። እኛም የምንለው፥ አዲሱ ገበያ አዲስ ኀጢአት አላመጣም፤ የቀድሞውን ጽድቅ ከምን እንደ ተሠራ ይፈትነዋል ነው።

ሳይተያዩ መነገድም ቢሆን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በጎጃም የባሶ ገበያ የታወቀ ነበር፤ ከዐባይ ማዶና ከሰሜን የሚመጡ ነጋዴዎች በዚያ ይገናኙ ነበር። መገበያያቸው አሞሌ ጨውና 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ትሬዛ ብር ነበረ፤ ብሩን የሚቀበለውም ሰው ምስሉንና ጌጡን አገላብጦ መርምሮ ነበር። የተመታበትን አገር አላየም፤ ምልክቱን ግን ያውቅ ነበር። በቅርቡም፥ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር፥ እህሉ በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት፥ ገዥው ኩንታሉን ሳያይ በደረሰኙ የሚገዛበት ሥርዓት ተተከለ፤ መጋዘን ከተከፈተባቸውም ከተሞች አንዷ ቡሬ ናት። ከእነዚህ የምንማረው አንድ ነው፤ ዐይን በጎደለ ጊዜ በዐይን ፈንታ ምልክት፥ ምስክር፥ ወይም ዋስ ይቆማል። ምንም ሳይቆምለት «እመኑኝ» ብቻ የሚል ንግድ ግን ከገበያ ሥርዓት ውጭ ነው።

አሁን ወደ ኋለኞቹ፥ «የምናብ ዓለም ግዴታ የለበትም» ወደሚሉት እንመለስ። ለእነዚህ በሌላ አገር የሆነውን እንንገራቸው። በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ሊንደን ላብ የተባለ ኩባንያ «ሰከንድ ላይፍ» ብሎ የሰየመውን ዓለም ከፈተ፤ ትርጓሜውም ሁለተኛ ሕይወት ማለት ነው። ወደዚያ የሚገባ ሰው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ምስል ለራሱ ያበጃል፥ የወደደውንም ስም ያወጣል፤ ቤት ይሠራል፥ ጎረቤት ያፈራል፥ ይነግዳል። የዚያ ዓለም ገንዘብ ሊንደን ዶላር ይባላል፤ በእውነተኛው ዶላርም ይመነዘራል። አንዲት በቻይና የተወለደች የጀርመን ነዋሪ፥ በምስልዋ ስም አንሺ ቹንግ ተብላ፥ የምናብ መሬት እየገዛችና እየከፋፈለች በመሸጥ ሀብቷ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ መድረሱን በ1999 ዓ.ም. አስታወቀች። መሬቱ የምናብ ነበር፤ ትርፉ ግን የምናብ አልነበረም።

በዚያው ዓለም ጊንኮ ፋይናንሻል የተባለ ባንክ ነበረ። አስቀማጮችን በዓመት ከመቶ ከ40 በላይ ወለድ እከፍላለሁ እያለ ይጠራ ነበር፤ ሹሙም በዚያ የሚጠራው በተዋሰው ስም ነበር። ኩባንያው በ1999 ዓ.ም. ክረምት ቁማርን ከከለከለ በኋላ፥ ሰዎች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሽቀዳደሙ፤ ባንኩም መክፈል አቅቶት ፈረሰ። የጠፋው ገንዘብ በእውነተኛው ሒሳብ ወደ 750,000 ዶላር እንደሚጠጋ ተነግሯል። በጥር ወር 2000 ዓ.ም. ኩባንያው ከመንግሥት ፈቃድ ያልተሰጠው ባንክ በዚያ ዓለም እንዳይሠራ ከለከለ። እንግዲህ ባንኩ ምስል ነበረ፥ ሹሙም ምስል ነበረ፥ የባንኩ ግድግዳም ምስል ነበረ፤ ያስቀማጩ ላብ ግን ምስል ነበርን? ምስል ሊራብ አይችልም፤ ገንዘቡን ያጣው ሰው ግን ይራባል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ልዩነት ማድረግ ይገባናል። ሰው በጨዋታ ሌላ መልክ ቢለብስ፥ ሌላ ስም ቢያወጣ፥ ተመልካቹ ጨዋታ መሆኑን እስካወቀ ድረስ ሐሰት አይባልም፤ በሠርግ ቤት የሚያስመስል ተጫዋች ሐሰተኛ አይባልምና። ነገር ግን እጁን ዘርግቶ ከሌላው ገንዘብ በተቀበለባት ሰዓት ጨዋታው አልቋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚጠየቅ ስም፥ የሚገኝ ደጃፍ፥ የሚጨበጥ እጅ ሊኖረው ግድ ነው። ጭንብል ለጨዋታ ነው፤ ውል ግን ፊት ይፈልጋል። የአገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ሽያጭ፥ ስለ ብድር፥ ስለ አደራና ስለ ዋስትና ሥርዓት ሠርቷል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንድ ስፍራ ያልተገናኙ ሰዎች ስለሚያደርጉት ውል ይናገራል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣውም የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረግ ውል ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። መንገዱ ሲረዝም ሕጉ ተከትሎት ሄደ እንጂ ግዴታው በመንገድ አልቀረም።

ታዲያ ሳይተያዩ መወዳጀትስ እውነተኛ ወዳጅነት ነውን? ብለው የሚጠይቁን ይኖራሉ። ነው እንላለን። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ምእመናን መልእክቱን የጻፈው ከተማቸውን ገና ሳይረግጥ ነበረ፤ ነገር ግን በዚያው መልእክት ሊያያቸው እንደሚናፍቅ ገልጿል። በሩቅ ያለ ፍቅር እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው መገናኘትን በመናፈቁ ነው። ያው ሐዋርያ ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና ሲጽፍ፥ ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጽሑፍ ዋስ ሆኗል። እነሆ፥ ወዳጅነትም ዕዳም በአንድ ደብዳቤ ተገናኙ። ፍቅሩ ዕዳውን አልሰረዘውም፤ ዕዳውን ለመሸከም አስገደደው እንጂ። በማኅበር መካከል የሚነግድ ሰው «ወንድማችሁ ነኝና አትጠይቁኝ» ካለ ወንድምነትን ገለበጠው፤ «ወንድማችሁ ነኝና ከማንም ይልቅ ጠይቁኝ» ካለ ግን አቀናው።

ስለዚህ ያ የበርበሬ ነጋዴ የሚመዘነው በመሸጡ አይደለም። የሚመዘነው ከመጀመሪያው ነጋዴ መሆኑን በመግለጡ ወይም በመደበቁ ነው። ሱቁን ሳይሸሽግ የተቀመጠ እንደ ሆነ ማኅበሩ ሚዛኑን ጠይቆ ሊገዛው ይችላል። ነገር ግን የኀዘንተኛውን እንባ ሲያብስ ደንበኛ እየቆጠረ ከነበረ፥ ከበርበሬው በፊት የሸጠው እንባውን ነው። እንዲህ ያለው ሰው በርበሬውን ንጹሕ አድርጎ፥ በሙሉ ሚዛን፥ ምርቃትም ጨምሮ ቢልክ እንኳ አንድ ነገር አጉድሏል፤ ከእርሱ በኋላ ወደ ማኅበሩ የሚመጣውን ቅን አጽናኝ ሁሉ «ይህስ ምን ሊሸጥ ይሆን?» ተብሎ እንዲጠረጠር አድርጎታልና። የማኅበር እምነት እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ አንድ ሰው ቢያደፈርሰው ወራጅ ሁሉ ይጠማል።

የዚህ ሁሉ ፈተና በአገራችን የደረሰበት ጊዜ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በዐማራ ክልል ግጭት በተነሣ ጊዜ የኢንተርኔት መሥመር ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። በስልክ የቆመው ማኅበርና ገበያ በአንድ ሌሊት ዝም አለ። እንግዲህ ገንዘብ ተቀብሎ ዕቃውን ገና ያልላከ ነጋዴ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው፥ «መሥመሩ ተቆርጧልና ጠያቂ የለኝም» ማለት ነው። ሁለተኛው፥ ስሙንና የተቀበለውን ልክ በመዝገቡ ጽፎ፥ መንገዱ እስኪከፈት የሌላውን ገንዘብ እንደ አደራ መጠበቅ ነው። ዕዳው በመሥመሩ ላይ የተቀመጠ ቢሆን ኖሮ ከመሥመሩ ጋር በተቆረጠ ነበር። ነገር ግን ዕዳ የሚቀመጠው በሰው ላይ ነው፤ ሰውም መሥመሩ ሲቆረጥ አልተቆረጠም። ወዳጅነትም እንዲሁ ነው። መሥመሩ ሲዘጋ የተረሳ ወዳጅ የመሥመሩ ወዳጅ ነበር፤ በዝምታው ጊዜ የታሰበ፥ የተጸለየለትም ወዳጅ ግን የሰው ወዳጅ ነበር።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ይልቁንም በንግድ ሥራ የተሠማራችሁ፥ ከዚህ መንገድ ራቁ አንላችሁም። በመንገዱ ስትሄዱ መንደር ይጠብቅላችሁ የነበረውን አሁን ራሳችሁ ጠብቁ እንላችኋለን እንጂ። በማኅበር መካከል ስትገቡ ሥራችሁን አትሸሽጉ። ገንዘብ በምትቀበሉበት ስፍራ እውነተኛ ስማችሁንና የምትገኙበትን ደጃፍ ግለጡ። በሁሉ የታወቀ አንድ ዋስ አቁሙ፤ ዕቃው ከመላኩ በፊት ሚዛኑ ላይ ሳለ ይታይ፤ የጎደለ ቢኖር ሳትጠየቁ መልሱ። በስልክ ካለው ደንበኛ ጋር ስትነጋገሩም በሱቃችሁ ደጃፍ የቆመውን ባላገር አታስጠብቁት፤ የሩቁን አክብሮ የቅርቡን የናቀ ሁለቱንም አላከበረምና። ገዥዎችም ብትሆኑ፥ ወንድምን ሚዛኑን መጠየቅ ወንድምነቱን መካድ እንዳልሆነ ዕወቁ።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማይቱ ስሟን ከመንገድ እንደ ያዘች፥ አዲሱም የመገናኛ መሥመር መንገድ ነው፤ መንገድም በራሱ ሰላምን አያመጣም። ወንበዴም መንገደኛም እኩል ይሄዱበታል። የሰላም መንገድ የሚያደርገው በእርሱ የሚመላለሰው ሰው ነው፤ ማንም ሳያየው ሚዛኑን ያቃና ነጋዴም ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ ነው።