አርብ ገበያ ሳንደርስ ያመለጠን ጁሙዓ



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው። ገላችሁን ታጥባችሁ፣ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ ወደ መስጂድ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ጁሙዓ ስላመለጠን አንድ ቀን ላውጋችሁ።

ነገሩ በ2011 ዓ.ም የካቲት ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀን ተዘግቶ ነበር። አባታችን የታች ጋይንት ሰው ነው። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፣ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጥ ጸጉሩ ሸበተ፤ አራት ልጆቹን አገሩን ሳያሳይ መቆየቱ ግን ሁልጊዜ ይቆጨው ነበር። ያን ዓመት ቆረጠ። አጎታችን አሮጌ ላንድክሩዘሩን አዋሰን። «ሆቴል የሚባል ነገር የለም፤ ድንኳን ይዘን ነው የምንሄደው። አገር የሚታወቀው መሬቱ ላይ ሲያድሩበት ነው» አለ። እናታችን ሳቀች፤ ግን በሶውንም፣ ዳቦ ቆሎውንም፣ ቋንጣውንም አዘጋጀች።

ዛሬ ዛሬ ከጓደኛ ጋር እንጦጦ መውጣት፣ ወንጪ ሄዶ ማደር በወጣቱ ዘንድ ተለምዷል። ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው። ከእናትና ከአባት፣ ከእህትና ከወንድም ጋር ሦስት ቀን አንድ መኪና ውስጥ መዋል ግን ሌላ ፈተና ነው። ከጓደኛህ ጋር ስትሄድ ጥሩውን ጸባይህን ለብሰህ ትወጣለህ። ቤተሰብ ፊት ያን ልብስ ማን ይለብሳል? ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ስለ አንድ ሰው ደግነት ለመሰከረላቸው ሰው፣ አብረኸው ተጉዘሃል ወይ ብለው እንደጠየቁት ይወራል። እኔ ሦስት ቀን ተጉዤ ስለራሴ ያወቅሁት ነገር ደስ አላሰኘኝም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዳቸውን አሚር እንዲያደርጉ አዘዋል፤ ሐዲሱን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። አባታችን ታላቅ እህታችንን አሚር አደረጋት። የት እንደምንቆም፣ መቼ እንደምንሰግድ እሷ ትወስናለች፣ እሱም ይታዘዛል። ለሁላችንም ሥራ አደለች። የአሥራ አንድ ዓመቱ ታናሽ ወንድማችን የውሃ ኃላፊ ሆነ። ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካኖች ተረከበ። እንዴት እንደኮራ ብታዩት!

የአባይን በረሃ ወርደን ወጣን፣ ባሕር ዳር አንድ ሌሊት አደርን፣ ከዚያ በወረታ አድርገን ደብረ ታቦርን አለፍን። ሐሙስ ማታ ድንኳናችንን የተከልነው ጉና ተራራ ግርጌ ነው። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይዘልቃል። ጣናን የሚመግቡት ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ነው የሚነሱት። የካቲት የበጋ ወር ነው፤ የጉና በጋ ግን ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ነው።

እኔ የራሴን ድንኳን ከሌላው ሰው ርቄ፣ ኔትወርክ ይይዛል ብዬ ካሰብኩበት ጉብታ ላይ ልተክል ሄድኩ። አባቴ ጠራኝ። ሰሃቦች በጉዞ ላይ ሲሰፍሩ በየሸለቆው ይበታተኑ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህ መበታተን ከሸይጧን መሆኑን እንደነገሯቸው፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ልብስ ቢዘረጋ ሁሉንም ይሸፍናቸዋል እስኪባል ድረስ ተጠጋግተው ይሰፍሩ እንደጀመሩ ነገረኝ። ይህም አቡ ዳውድ ዘንድ ያለ ሐዲስ ነው። እያጉረመረምኩ ተመለስኩ። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ግን ሐዲሱ በደንብ ገባኝ፤ ከአባቴ አጠገብ መሆኔን አመሰገንኩ። እናታችንም ሙስሊም የዘገቡትን፣ አንድ ቦታ ላይ ያረፈ ሰው የሚለውን ዱዓ አስባለችን፦ በተሟሉት የአላህ ቃላት፣ ከፈጠረው ነገር ሁሉ ክፋት መጠበቅን መለመን። ያለው ሰው ከዚያ ቦታ እስኪነሳ ድረስ ምንም አይጎዳውም ተብሏል። አረብኛውን ያልያዛችሁ ዛሬውኑ ያዙት፤ አጭር ነው።

ጁሙዓ ጠዋት ለሱብሒ ስንነሳ ድንኳኑ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። የውዱእ ውሃ ግን ሞቆ ጠበቀን። ሁላችንም «አልሐምዱሊላህ» ብለን ታጠብን። ማን እንዳሞቀው የጠየቀ አልነበረም።

የአባታችን ሐሳብ ጁሙዓን አርብ ገበያ መስገድ ነበር። አርብ ገበያ የታች ጋይንት ከተማ ናት። ስሟን ስሙት! አባቴ ይህን ነገር ይወደው ነበር። በሱረቱል ጁሙዓ አላህ (ሱ.ወ) አማኞችን የጁሙዓ ጥሪ ሲሰማ ግብይትን ትተው ወደ እሱ ማስታወስ እንዲሄዱ፣ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ በምድር ላይ ተበትነው ከችሮታው እንዲፈልጉ ያዛል። «ከተማዋ በገበያ ስም ትጠራ፣ ገበያው በአርብ ይጠራ፤ እዚያ መሐል ጁሙዓ መስገድ ምን ማለት እንደሆነ ልጆቼ ይዩ» ይል ነበር። ሃያ ዓመት የቋጠረው ምኞት ነው።

በነፋስ መውጫ አለፍን። እንደ ስሟ ናት፤ የመኪናውን መስኮት አስዘጋችን። ከዋናው አስፋልት ወደ ደቡብ ታጥፈን ጠጠሩን ተያያዝነው። ከላይ ጋይንት ወደ ታች ጋይንት ስትወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ መሬቱ እየተሰነጠቀ፣ ዓይን ወደ በሽሎ ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ክሪኩን አውጥተን መኪናውን አነሳን። ስኮርታውን ስናወጣው እሱም ተንፍሷል። ለአባታችን ውሃ ልንሰጠው ጀሪካኑን ስናነሳ ባዶ ነው። አንደኛው ማታ አልቋል። ሁለተኛው ክዳኑ ሳይጠብቅ ተጭኖ፣ መንገድ ሲያንገጫግጨው ውሃው በሙሉ ብርድ ልብሶቹ ላይ ፈስሷል።

አባታችን ደግ ሰው ነው። ያን ሰዓት ግን ፊቱ ተለወጠ። ጎማው የማንም ጥፋት አልነበረም፣ ስኮርታውን ያላየው ራሱ ነው፤ ቁጣው ግን ትንሹ ላይ ወረደ። «አንድ ክዳን መግጠም ያቅትሃል? በአንተ ምክንያት በረሃ ላይ ቀረን፣ ጁሙዓም አመለጠን!» እኔም ታላቅ ወንድም ነኝና ዝም አላልኩም፤ እዚህ የማልጽፈውን ቃል ጨመርኩበት። ልጁ አልመለሰም። ጀሪካኑን አቅፎ ከመኪናው ኋላ ሄዶ ተቀመጠ።

እናታችን አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «አቡበክርም ዓኢሻን እንዲህ ነበር ያሏት» አለች። አባታችን ክሪኩን እንደያዘ ቆመ።

ታሪኩን የምታውቁት ብዙ ናችሁ፤ እኔ ግን እዚያ ጠጠር መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሃቦቻቸው ጋር ጉዞ ላይ ናቸው፤ ባለቤታቸው ዓኢሻም (ረ.ዐ) አብራ አለች። በይዳእ ወይም ዛቱል ጀይሽ የሚባል ቦታ ሲደርሱ የአንገት ሐብሏ ጠፋ። በአንዱ ዘገባ ሐብሉ ከእህቷ ከአስማእ የተዋሰችው ነበር። ነቢዩ ለዚህ ሐብል ብለው ቆሙ፤ ሰዉም ሁሉ ቆመ። ቦታው ውሃ የለውም፣ ሰዉም ውሃ አልያዘም። ሰዎች ሄደው ለአቡበክር (ረ.ዐ) ልጅህ ያደረገችውን አታይም ወይ ብለው ከሰሷት። አቡበክር መጡ፤ ነቢዩ ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርገው ተኝተዋል። ውሃ በሌለበት ሰዉን ሁሉ አስቆምሽ ብለው ተቆጧት፣ ወገቧንም በእጃቸው ይወጉ ጀመር። እሷ ግን ነቢዩን እንዳትቀሰቅስ ብላ አልተንቀሳቀሰችም።

ሲነጋ ውሃ የለም። አላህም የተየሙምን አያ አወረደ። ኡሰይድ ኢብኑ ሑደይር (ረ.ዐ) ይህ የአቡበክር ቤተሰብ የመጀመሪያ በረካ አይደለም ብለው መሰከሩ። ከዚያ ዓኢሻ ተቀምጣበት የነበረው ግመል ሲነሳ ሐብሉ ከሥሩ ተገኘ። ታሪኩ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ አለ።

አስቡት እስቲ። ሐብሉ እዚያው ከግመሉ ሥር ነበር። አላህ ቢፈልግ ማታውኑ ግመሉ ተነስቶ ይገኝ ነበር፣ ሰዉም ጉዞውን ይቀጥል ነበር። የዛሬው በሽተኛ፣ እስረኛ፣ መንገደኛ፣ ውሃ ያጣ ገበሬ ሁሉ እጁን አፈር ላይ መትቶ አላሁ አክበር የሚልበት ገርነት የመጣው ሁሉም በአንዲት ወጣት ሴት ላይ በተናደደበት ሌሊት ማግስት ነው። በዘገባው ውስጥ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻን የወቀሱበት አንድም ቃል የለም።

አባታችን ከመኪናው ኋላ ሄደ። ቁጭ ብሎ ልጁን አንድ ነገር ጠየቀው፤ እኛ ጋ የተሰማው መልሱ ብቻ ነው። «ጠዋት ውሃ ላሞቅላችሁ ስቀዳ ጣቴ ደንዝዞ ነበር። የጠበቀ መስሎኝ ነው።»

ከሁላችን በፊት ተነስቶ፣ በዚያ ውርጭ ውስጥ ለውዱአችን ውሃ ያሞቀው እሱ ነበር። ክዳኑም ያልጠበቀው በዚያው ምክንያት ነው።

አባቴ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ሲመለሱ ግን የልጁን ሁለት እጆች በመዳፎቹ ይዞ ነበር፣ ዓይኑም ቀልቷል። እኛ ፊት «አውፍ በለኝ» አለው፣ ደግሞም አለው። የእኔ ተራ እስኪደርስ ድረስ አንገቴን ደፋሁ።

ዙህር ገባ። ጁሙዓ በሙሳፊር ላይ ግዴታ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ ዐረፋ ላይ የቆሙት ጁሙዓ ቀን ነበር፤ የሰገዱት ግን ዙህርና ዐስርን ነው፣ አቆራኝተውና አሳጥረው። አባታችን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያልተገደደበት ነገር ሊያመልጠው ነው ብሎ፣ የተገደደበትን ምላስን የመጠበቅ ነገር ለቀቀ። ስንቶቻችን ነን ለመስጂድ እንቸኩልና በር ላይ እናታችንን የምንቆጣ? «ካልሲዬ የት አለ» እያልን?

የጋይንት አፈር ለተየሙም ይበቃል፤ ደረቅና ልል ነው። እጃችንን መታን፣ ፊታችንንና እጃችንን አበስን። ታናሽ ወንድማችን አዛን አለ፤ ድምፁ ገና የልጅ ነው፣ ገደሉ ግን እየደጋገመ መለሰለት። በበረሃ ላይ የሙአዚንን ድምፅ የሰማ ጂንም ሰውም ሌላም ነገር ሁሉ የቂያማ ቀን እንደሚመሰክርለት በቡኻሪ ተዘግቧል። ሁለት ሁለት ረከዓ አድርገን ዙህርና ዐስርን ሰገድን። (በማቆራኘትና በርቀቱ ጉዳይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ የሰፈራችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።)

ገና ከማሰላመታችን ሦስት ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ደረሱብን። ክርስቲያኖች ናቸው። አንዷ በጀርባዋ ያዘለችውን ውሃ አውርዳ ለእናቴ ሰጠቻት። ስንሰግድ ከሩቅ አይታን ኖሮ፣ ከአገልግሏ ቆሎ እየዘገነች «ሥጋ አይደለም፣ ቆሎ ነው፤ ብሉ ልጆቼ» አለች። ሳንነግራት የምንበላውንና የማንበላውን አውቃ ነው የሰጠችን። አባቴ አገሬ ሲል የነበረው ይህን ይመስለኛል።

አሚራችን «ውሃ ተገኘ፤ እንድገመው ወይ?» ብላ ጠየቀች። አባታችን ሁለት ሰሃቦች በተየሙም ከሰገዱ በኋላ ወቅቱ ሳይወጣ ውሃ እንዳገኙ፣ አንዱ እንደደገመ ሌላው እንደተወ ነገራት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያልደገመውን ሱናውን አግኝተሃል፣ ሶላትህም ትበቃሃለች፣ የደገመውን ደግሞ ምንዳህ ሁለት ጊዜ ነው ብለዋቸዋል፤ አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበውታል። «ታዲያ ማንን እንቆጣለን?» አለ። ሳቅን። ትንሹም ሳቀ።

አንድ አይሱዙ አባቴንና ጎማውን እስከ ጎሚስታ አደረሰ። እኛ አርብ ገበያ የገባነው ለመግሪብ ነው። ገበያው ተበትኗል፤ ሜዳው ላይ የቀረው ገለባና የአህያ ፋንድያ ብቻ ነበር። አባታችን ሃያ ዓመት የቋጠረውን ሳያይ ቀረ። ምንም አላለም። ትንሹን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ የቱ የማን ቦታ እንደነበረ፣ ጨው የት እንደሚሸጥ፣ አያታችን ሸማ የት ያስለካ እንደነበር በእጁ እያመለከተ ሜዳውን ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ጋይንትን ጦርነት አገኛት፤ በ2013 ዓ.ም ክረምት ነፋስ መውጫም ተያዘች። ዛሬ ያንን መንገድ በድንኳን የሚሄድበት ቤተሰብ የለም። ዛሬ በኹጥባው መሐል በምትቀመጡባት ጊዜ በየመንገዱ ለቀሩት ሁሉ ዱዓ አድርጉ፤ ለእነዚያ ሦስት ሴቶችና ለልጆቻቸውም ሰላም ለምኑልኝ።

ድንኳኖቹ ቆጥ ላይ ናቸው። ቢጫው ጀሪካን ግን እስካሁን ቤታችን ውሃ ይቀዳበታል። ከጉዞው በተመለስን ማግስት አባታችን ክዳኑን በሲባጎ ከእጀታው ጋር አስሮታል።