የረከሰ ዕቃ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን አዲስ ሞባይል ይዞ ቤት መጣ። አዲስ ስል ለእሱ አዲስ ማለቴ ነው። ሱቅ ውስጥ 24 ሺህ ብር የሚጠራውን ስልክ ካፌ በር ላይ፣ እጅ በእጅ፣ በ7 ሺህ ገዛው። ካርቶን የለው፣ ቻርጀር የለው፣ ደረሰኝ የለው። ባለቤቴ እያገላበጠች “ጎሽ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው” አለችው። እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው “እስቲ ለእኔም ፈልግልኝ” የሚል ነበር። ከቡናዬ ጋር ፉት ብዬ ዋጥኩት።

የዋጥኩት ጻድቅ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት የጎረቤታችን ልጅ ከማታ ትምህርት ስትመለስ፣ ከታክሲ ወርዳ ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው ኮረኮንች ላይ ማጅራት መቺዎች አግኝተዋት ነበር። አንዱ ከኋላ አንገቷን በክንዱ አነቃት፣ ሌላው ቦርሳዋን በረበረ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም አለች። አንገቷ ላይ የቀረውን ሰንበር በሻርፕ ሸፍና ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም። የማታ ትምህርቱን እስከ ዛሬ አልተመለሰችበትም። የእህቴ ልጅ የገዛው የእሷን ስልክ ነው አላልኩም። አይደለምም፤ የእሷ ሌላ ዓይነት ነበር። ግን የአንዷ ወይም የአንዱ መሆኑ መቼ ይቀራል?

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን እነዚህን ነገሮች ለያይቶ ያያቸዋል። የሰው ዕቃ ያለፈቃዱ መውሰድ ስርቆት ነው። ባለቤቱን እየመቱ፣ እያነቁ ወይም ክፉኛ እያስፈራሩ ሲሆን ውንብድና ይባላል፤ አንቀጽ 670። ከዚያ ራቅ ብሎ አንቀጽ 682 ላይ “መሸሸግ” የሚባል አለ። ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። መሸሸግ ሲባል አብዛኞቻችን የሚታየን አልጋ ሥር የተደበቀ ቴሌቪዥን ነው። ሕጉ ግን ከወንጀል የመጣውን ዕቃ የገዛውንም፣ በስጦታ የተቀበለውንም፣ በመያዣ የያዘውንም፣ ሲሸጥ ያገዘውንም በዚሁ ስም ነው የሚጠራው። የሚጠይቀውም ያወቀውን ብቻ አይደለም፤ ማወቅ የነበረበትንም ነው።

ዕድሜዬን በቃላት ስጨቃጨቅ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ እዚህች “የነበረበት” ላይ ቆምኩ። ልጁን ጠየቅኩት። “ሻጩ ከየት አመጣው?”

“አላውቅም ጋሼ። አልጠየቅኩትም።”

“አልጠየቅኩትም” ያለው እጄ ንጹሕ ነው በሚል ድምፅ ነው። እንዴ! ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቋል። ካሜራውን ሞክሯል። ስክሪኑ ተቀይሮ እንደሆነ በጥፍሩ ጫፉን ፈትሿል። ይህን ሁሉ የጠየቀ ልጅ አንዲቷን ጥያቄ ብቻ ዘለላት። ጉድጓድ ዘሎ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ጉድጓዱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ አለማወቁ ራሱ የእጁ ሥራ ነው ማለት ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የቪክቶር ሁጎን “መከረኞቹ” ባነሣሁ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ከሌባው ጋር ይወግን ነበር። ዳቦ ለሰረቀ 19 ዓመት! አምስቱ ለዳቦው፣ ቀሪው ለማምለጥ ሙከራው መሆኑን ብነግራቸውም አይሰሙኝም፤ ደግሞም ልክ ነበሩ። ሥነ ጽሑፍ ለሌባ ሆዱ ይባባል። ለተቀባይ ግን አይራራም። የዲከንስ “ኦሊቨር ትዊስት” ውስጥ ፌጊን አለ፤ ልጆቹ ከሰው ኪስ የሚመነትፉትን መሐረብ የሚቀበል ሽማግሌ። እንዲህ ያሉት የሐር መሐረቦች ፊልድ ሌን በሚባለው የለንደን መንደር በየሱቁ ተንጠልጥለው ይሸጣሉ። ፌጊንን ሁላችንም ጠላነው። ከፊልድ ሌን መሐረብ ገዝቶ አፍንጫውን እየጠረገ ቤቱ ስለገባው ሰው ግን አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ተነሥቶብኝ አያውቅም።

አባቶቻችን ጉዳዩን በሌላ መንገድ ነበር የያዙት። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አፈርሳታ ይጠራል፤ አውጫጭኝ የሚሉትም አሉ። ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሥራ እየፈታ፣ ከብቱ እየተራበ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ይቀመጣል። ካልወጣም ሕዝቡ አዋጥቶ ለተሰረቀበት የሚክስበት ጊዜ ነበር። ግፍ አለበት፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው። ይመለስልኝ አልልም። ነገር ግን ሐሳቡ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፦ የተሰረቀ በሬ አየር ላይ አይጠፋም። የሆነ ሰው ሲነዳ አይቶታል፣ የሆነ ሰው ሥጋውን በልቷል። ዛሬ ከተማ ውስጥ “ሌባ! ሌባ!” ሲባል ሮጠን ከምንደበድበው መካከል ስንቶቻችን በኪሳችን የያዝነው ስልክ ከየት እንደመጣ እናውቃለን?

ልጁ ዝም አላለኝም። “እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛው ነበር” አለ። ይህን እንኳ መመለስ አይከብድም። ማጅራት መቺውም እኮ “እኔ ባልነጥቃት ሌላው ይነጥቃት ነበር” ማለት ይችላል፤ በዚያ ኮረኮንች ላይ ውሸትም ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው መልሱ ነው ያስቸገረኝ። “ጋሼ፣ ደሞዜን ያውቁታል። በ24 ሺህ ብር ስልክ መግዛት የሚችል ሰው ነው ንጹሕ መሆን የሚችለው?” ለዚህ የሚሆን መልስ ፈለግኩ። እስካሁንም እየፈለግኩ ነው። ያለ ስልክ ሥራ በማይገኝበት ከተማ ለልጁ “ይቅርብህ” ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ የእኔ ከነካርቶኑ የተገዛ ነዋ።

እሱ ግን አልጨረሰም። ወደ መጽሐፍ መደርደሪያዬ በአገጩ እያመለከተ “የብላታ መርስዔ ኀዘን ሰዋስውስ?” አለኝ።

ደነገጥኩ። ታሪኩን የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ ደጋግሜ፣ በቡና ላይ፣ እየሳቅኩ። ያኔ ገና አስተምር ነበር። መንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ሰው ዘንድ ስፈልገው የኖርኩትን የቀድሞ እትም አገኘሁት። ሽፋኑን ስገልጥ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ወይን ጠጅ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የካርድ ኪሱ ተቀዷል፤ የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል። 40 ብር ከፍዬ፣ ሳልከራከር፣ በጥድፊያ ሄድኩ። የተጣደፍኩት ሻጩ ዋጋውን እንዳይነቃ ነው እያልኩ ነበር የምተርከው።

መከላከያዬ ብዙ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ያስወገደው ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ የማስወገጃ ምልክቱ የታል? እኔ ባልገዛው የቆሎ መጠቅለያ ይሆን ነበር፤ ይህ የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ መልስ ነው፣ ክራቫት አስሮ። የገዛሁት አደባባይ ላይ ነው። ይህችኛዋ ከሕግ ጋር ትቀራረባለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1165 የተሰረቀበት ሰው ዕቃውን ከገዢው እንዲያስመልስ ይፈቅድለታል፤ ገዢው ግን መሰሉን ከሚሸጥ ነጋዴ ወይም ከአደባባይ ገበያ በቅን ልቡና ገዝቶት ከሆነ የከፈለው ዋጋ ይመለስለታል። ደግ ሕግ ነው። ልጁ ካፌ በር ላይ ስለገዛ አይደርስለትም። እኔ ደግሞ ገበያው አለኝ፣ ቅን ልቡናው ላይ ግን ማኅተሙ ተመትቶበታል።

“እርስዎ መጽሐፉን የመለሱ ቀን እኔም ስልኩን ፖሊስ ጣቢያ ይዤ እሄዳለሁ” አለኝ። ሲናገር ፈገግ ብሏል። እንደማላደርገው እርግጠኛ ነበር። እኔም ብሆን ይዞ የሄደ ይታሰር ይሆን ብዬ ስለፈራሁ ፉከራውን አልወደድኩለትም።

ያም ሆኖ ማክሰኞ ዕለት መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። “ይህ መጽሐፍ የእናንተ ነው፤ ተሰርቆ ገዝቼው ነው” ልል አስቤያለሁ፤ አጭር፣ ግልጽ። ተረኛዋ የልጄ እኩያ ናት። መጽሐፉን ተቀብላ ማኅተሙን አየችና “ከየት አገኙት?” አለችኝ፣ በትሕትና።

“ድሮ ተውሼው ረስቼው ነው” አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ። ቅጣት ካለበትም እንደምከፍል ጨመርኩ።

ስሜን ከነአባቴ ጠየቀችኝና ነገርኳት። አሮጌዎቹን መዝገቦች ከጓዳ አወጣች። ጣቷን በየመስመሩ ላይ እያስኬደች ብዙ ቆየች።

“አባባ፣” አለችኝ በመጨረሻ፣ “በስምዎ የወጣ መጽሐፍ የለም እኮ።”