በሁለት ማማዎች መካከል ያለው ባዶ

በሁለት ተራሮች ላይ ፊት ለፊት በተተከሉ አንቴናዎች መካከል ምን አለ? ተካዩ ቢጠየቅ «ምንም የለም፣ መንገዱ ክፍት ነው» ይላል። ይህ «ምንም» ግን ወርድና ቅርጽ አለው፣ በሜትር ይለካል፣ ሲነካም ግንኙነቱ ይደክማል። የሌለ ነገር እንዴት ይለካል?

ጥያቄው የቆየ ነው። አሪስቶትል ባዶ ስፍራ ሊኖር አይችልም ብሎ ተከራክሯል። ኒውተን አንድ አካል ያለ ምንም አገናኝ ከሩቅ ሌላውን ይስባል የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1693 በጻፈው ደብዳቤ ከንቱ ሐሳብ ብሎታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ሊቃውንትም ሕዋውን ኤተር በተባለ ረቂቅ ነገር ሞሉት፤ ሞገድ ካለ የሚሞገድ ነገር መኖር አለበትና።

ፈረንሳዊው ኦግስታን ፍሬኔል ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1818 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ውድድር ባቀረበው ጥናት ብርሃን ሞገድ እንደሆነና የሞገዱ እያንዳንዱ ነጥብ እንደ አዲስ ምንጭ እንደሚሠራ አስረዳ። ከዳኞቹ አንዱ ፑዋሶን ሐሳቡን ለማፍረስ ስሌቱን እስከ ጫፉ ገፋው፦ ይህ እውነት ከሆነ የክብ ነገር ጥላ መሃሉ ላይ ብርሃን ሊኖረው ነው፤ ይህ ደግሞ የማይመስል ነገር ነው። ሌላው ዳኛ አራጎ ሞከረው፤ የብርሃኑ ነጥብ ጥላው መሃል ላይ ታየ።

ኤተር ግን በ1887 በማይክልሰንና በሞርሊ ሙከራ ሲፈለግ አልተገኘም፤ በ1905 አንስታይን አያስፈልግም አለው። የፍሬኔል እምነት ወደቀ፣ ስሌቱ ግን ጸና። ሬዲዮም እንደ ብርሃን ሞገድ ነውና፣ ዛሬም አንቴና የሚተክል ሰው የሚያሰላው በእሱ ነው።

ስሌቱ እንደሚያሳየው ሞገድ እንደ ተወጠረ ክር አይሄድም። ጫፎቹ የቀጠኑ፣ ወገቡ የወፈረ ስፍራ ይይዛል፤ ይህም የፍሬኔል ዞን ይባላል። በ5.8 ጊጋሄርትዝ የሚሠሩ ሁለት ማማዎች 50 ኪሎ ሜትር ቢራራቁ፣ መሃል ላይ ዞኑ ሁለቱን ከሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ወደ ላይም ወደ ታችም ወደ ጎንም 25 ሜትር ያህል ይሰፋል። በ150 ሜጋሄርትዝ 158 ሜትር ይሆናል። ለዓይን ብርሃን ግን 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በመነጽር የሚያይ ሰው ማዶውን ማማ ጥርት አድርጎ አይቶ ግንኙነቱ ለምን እንደሚደክም ሲቸግረው መልሱ እዚሁ ላይ ነው፦ የኮረብታው ጫፍ የእይታውን መስመር ገና ሲነካ፣ ለዓይን ምንም ሳይጎድል የሬዲዮው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

እንግዲህ ያው ሸለቆ ለብርሃን ባዶ፣ ለሬዲዮ ዝግ ሊሆን ይችላል። ባዶነት የቦታው የራሱ ጠባይ ነው የሚለው የጥንቱ ግምት እዚህ ላይ አይጸናም፤ ባዶ የሚባለው ለሚያልፈው ነገር ነው። አሪስቶትልም ተቃዋሚዎቹም የተከራከሩት ይህን «ለማን?» የሚል ቃል ሳይጨምሩ ነበር።

ትልቅ ዲሽ መግዛትም ዞኑን አያጠብብም። ዲሽ ኃይልን አይፈጥርም፤ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄደውን ነፍጎ ወደ አንዱ ይሰበስባል እንጂ። የዞኑን ስፋት የሚወስኑት ርቀቱና የሞገዱ ርዝመት ናቸው፤ ለተከለለ መንገድ መፍትሔው ከፍታ ነው። ከዞኑ ቢያንስ 60 በመቶው ነጻ እንዲሆን፣ በ5.8 ጊጋሄርትዙ የ50 ኪሎ ሜትር መንገድ መሃል 15 ሜትር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የምድር ክብነት፣ አየሩ ሞገዱን ጥቂት ወደ ታች ማጉበጡ ተቆጥሮ፣ 37 ሜትር ያህል ይጨምራል። ከሥር ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ የሚደመረው የዛሬ ቁመቱ ሳይሆን ማማው ሥራ ላይ በሚቆይባቸው ዓመታት የሚደርስበት ነው።