ታዛዥነት በቃል ብቻ ይወረሳልን?

እምነትን ለልጆቻችን እናወርሳለን ስንል ምን ማለታችን ነው? ጥያቄው ወላጅንም የትምህርተ ክርስቶስ መምህርንም ይመለከታል። ለመልሱ ወደ ላስታ ደጋ እንመልከት።

በላሊበላ ከዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ታሪካቸውን ለጎብኚዎች የሚያስረዱ ወጣቶች አሉ፤ የተከበረ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ስለ ቤተ መቅደስ ማወቅና በቤተ መቅደስ መስገድ ይለያያሉ። በገና ዕለት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር የእኅት ቤተ ክርስቲያን ካህናት ከፊሎቹ ከዐለቱ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች ከግቢው ሆነው ይቀባበላሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። ከአባቱ ጎን የቆመ ሕፃን ግእዙን አይረዳ ይሆናል፤ አባቱ ሌሊቱን ስለ ማን ብሎ እንደ ቆመ ግን ያያል።

«ሳይረዱ መታዘዝ ባርነት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ነገሩ በዚያ ቢቀር በእርግጥ ባርነት በሆነ ነበር። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ግን ልጁ የሥርዓቱን ትርጉም እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያውቃል፤ አባትም እንዲመልስለት ያዛል። የሚመልሰውም ከግብፅ ባርነት ነጻ ስለ መውጣት ነው! እንግዲህ ልጁን «አትጠይቅ» ብሎ የሚገሥጽ ወላጅ ትእዛዙን የሚያፈርሰው ራሱ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) ለልጆች የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባክያን ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል፤ ከእኛ ከካህናት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ መምህራን ትምህርቱን አልፎ አልፎ ወላጆች በተገኙበት እንድትሰጡ፣ የልጆቹንም ጥያቄ አስቀድመው እነርሱ እንዲመልሱ እንድታደርጉ እናሳስባለን።